ግራው ስክሪን የእነሱ፣ ቀኙ የጀልባዋ

ውድ አባባ፣

…እና የሠሩልኝን ጠረጴዛ በበሩ አዘንብላችሁ ስታስገቡት፣ እርስዎ ከፊት፣ የጀልባ ሥራ ባልደረባዎ ጋሼ ሣህሉ ከኋላ፣ አንዱ እግር ደፉ ላይ ተያዘና ቆማችሁ። አልተናደዱም። የጀልባ ጎን እንደሚደባብሱት ጠርዙን በመዳፍዎ ደባበሱት። "ይኸው፣ ሁለቱን መስኮቶችሽን ደርድሪበት" አሉኝ። እኔ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። አመስግኜ ይሆናል።

ከዚህ የጀመርሁት ወዲያው ስለ ጀልባዋ ላለማንሳት ነው። በስልክ ሳነሳብዎ የቆላ ድባን የጤፍ ገበያ ይነግሩኛል። እማማ ስትጠይቅዎም ያው ጤፍ ነው። ደብዳቤን ግን ስለ ጤፍ እያወሩ ማቋረጥ አይቻልም። በአጎቴ በሱሌማን የእህል መኪና እልከዋለሁ።

ያለ ንድፍ አንድም አዲስ የመንገደኛ ጀልባ አይመዘገብም የተባለ ዕለት፣ ሠርተው ሐይቁ ዳር ያቆሟትን ጀልባ በላስቲክ ሸፍነው ቤት ገቡ። "እኔ ጀልባ ነው የምሠራ። ሥዕል አልሠራም" አሉ። በማግስቱ፣ ክረምት ሳይገባ ሳንቃዋን ፈታትተን አጥር ለሚያጥር ሰው እንድንሰጥ ነግረውን ቆላ ድባ ወደ አጎቴ ሄዱ። እህል ሊነግዱ። እርስዎ። እህል።

ሰውዬው መጥቶ ሳንቃዋን አየ። ወደዳት። ፋሲካን አሳልፌ እወስዳታለሁ አለ።

ስለ ሁለቱ መስኮቶቼ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ አሁን ልንገርዎ። እያንዳንዱ ስክሪን ከጀርባው ሁለት ገመድ አለው። አንዱ የሚሄደው አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤቴ ወደ ሰጠኝ ላፕቶፕ ነው። የመድን ካሳ ጥያቄዎችን የማጣራው በእሱ ነው፤ ከሥራ ውጭ ምንም ነገር መጫን አይፈቀድበትም። ሌላው ገመድ የሚሄደው እኔ ራሴ ከአሮጌ ዕቃ ወደ ገጣጠምሁት ኮምፒውተር ነው። ከስክሪኑ ሥር ያለችውን ቁልፍ ስጫን የአንዱ ምስል ይሄድና የሌላው ይመጣል። ያን ሰሞን ጀልባዋን ልነድፋት ተነሣሁ። በቤቱ ኮምፒውተር። ከዚያ በፊት የነደፍሁት ነገር የለም።

ጋሼ ሣህሉ ሐይቁ ዳር በገመድና በሜትር እየለኩ፣ በምሳ ሰዓት ወደ ክፍሌ እየመጡ ቁጥሩን ያስጽፉኝ ነበር። የለኩት ቀኙን ጎን ብቻ ነው። ግማሹን ከሳልሁት ሌላውን ግማሽ ኮምፒውተሩ እንደ መስታወት ገልብጦ ይሠራዋል። እንዲህ ስላቸው "እንዲህ ያለ ሠራተኛ ድሮ ብናገኝ ወገባችን ባልተቆረጠ" ብለው ሳቁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓቱ አልፎ እያለ መጡ። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ብዬ ሁለቱንም ስክሪን ወደ ጀልባዋ አዞርሁ። የላፕቶፑ ክዳን ዝግ ነው። ላፕቶፑ ግን ስክሪን እንደተወሰደበት አያውቅም፤ ማንም በማያየው በኩል መስኮት እየከፈተ ሥራውን ይቀጥላል። ስብሰባውም ቀጥሏል። ማይኩም ክፍት ነበር።

"ጻፊ! ወገቧ አንድ ሜትር ከሃያ። ኧረ ይች ሴትዮ ሆዷን የት ልታደርሰው ነው!"

"ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ልጽፈው።"

"አባትሽን ኑርሑሴንን እኮ ብዬዋለሁ። አታስፋት፣ ትንቀባረርብሃለች ብዬዋለሁ።"

ከጠረጴዛው ላይ የሴት ድምፅ መጣ። አለቃዬ ባንቺአየሁ ናት።

"ተቅዋ፣ እኛ እዚህ የካሳ ፋይል እያየን ነው። ሴትዮዋ ማን ናት?"

ጋሼ ሣህሉ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር አዩ። "ማነው ያለው?" አሉኝ በሹክሹክታ። አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ማይኩን ዘጋሁ።

ስብሰባው ሲያልቅ ባንቺአየሁ ለብቻዬ ደወለች። አልጮኸችም። "ሥራሽን እወደዋለሁ። ግን በሥራ ሰዓት ላፕቶፑ ከዓይንሽ እንዲጠፋ አልፈልግም። ይኸ የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው ልፈልግ" አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። በእኔ ደመወዝ ቤቱ ይኖራል። ጀልባዋ ደግሞ… ምን ልበል። እርስዎን አሰብሁ፤ ቆላ ድባ ገበያ መሐል ቆመው፣ በማይታይ በኩል ግን ሳንቃ የሚለኩ። ስክሪኑ እንደተወሰደበት የማያውቅ ሰው።

ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ደገምሁት። ከዓይንሽ አይጥፋ አለች እንጂ ሁለቱንም ስክሪን ይያዝ አላለችም። ተነሥቼ የግራውን ስክሪን ለላፕቶፑ ሰጠሁት። ቀኙን ለቤቱ ኮምፒውተር። ሁለት ኪቦርድ፣ ሁለት ማውስ፣ አንድ ጠረጴዛ። ግራው የእነሱ፣ ቀኙ የጀልባዋ። ዕረፍት ሲደርስ አንገቴን ብቻ አዞራለሁ። ያን ወር አንድም ፋይል አላመለጠኝም፣ አባባ። ንድፉም አለቀ።

ጀልባ ወደሚመዘገብበት ቢሮ ይዤው ሄድሁ። ገድሉ የሚባለው ባለሙያ ሐይቁ ዳር ወርዶ ለካና ወረቀቱን መለሰልኝ። "ቆንጆ ሥራ ነው። ግን የሌላ ጀልባ ነው" አለ። ቀኟ ልክ ነው፣ ግራዋ አይገጥምም።

ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ ዘንባባዎቹ ሁሉ የተጣመሙ መሰለኝ። አጥር የሚያጥረው ሰውዬ በዚያው ሳምንት ይመጣል። ክፍሌ ገብቼ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥሁ። ሁለቱ ስክሪኖች እንደበሩ ናቸው። በግራው የመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ፣ በቀኙ የጀልባዋ የውሃ መስመር። ሁለቱም ቀጥ ያሉ መስመሮች። ግን አይገናኙም። የግራው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል፤ ከመጀመሪያውም ጀምሮ ከሥሩ ካርቶን አጥፌ አስገብቼለት ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። የስክሪኑ እግር ነው ብዬ ነበር።

ጋሼ ሣህሉን ጠራኋቸው። ውሃ ልካቸውን ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና አረፋዋን አዩ። አሁንም አዩ።

"ጠረጴዛውም?" አሉ።

"ምኑ ጋሼ?"

"የኑርሑሴን ግራ! ጀልባው ሁሉ እንዲህ እኮ ነው። ግራዋን ሁለት ጣት ያጠባታል፣ ወደዚያ ታዘነብላለች። ዓይኑ ነው። እና ዕቃ በቀኝ የምንጭነው ለምን መስሎሽ ነው?"

አባባ፣ ያን ጊዜ መሳቅ ጀመርሁ። ማቆም አቃተኝ። እማማ ምን ሆነች ብላ መጣች። በእርስዎ ጀልባ ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ "ዕቃ በቀኝ! ቢስሚላህ፣ በቀኝ!" እየተባለ ነው ያደግነው። እኛ ሱና ነው ብለን ነበር። በቀኝ እንደምንበላው፣ መስጊድ በቀኝ እግር እንደምንገባው። እማማ ሳትቀር። "እኔም ለሰው እንዲያ እያልሁ ሳስተምር ኖሬ!" ብላ አፏን በሻሿ ያዘች። ክርስቲያኑ መንገደኛም ከረጢቱን ይዞ ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር፤ የባለ ጀልባው ሃይማኖት ነው፣ ይከበር ብሎ።

ያውቁ ነበር? መልሱን አልጠብቅም። ብቻ ልጠይቅዎ ፈለግሁ።

በማግስቱ ግራውን ለካን። እያንዳንዷን ሳንቃ። መስታወቱን ትቼ ግራውን በራሱ ነደፍሁት፣ እንዳለ፣ ሁለት ጣት ጠቦ። ለማቃናት አልሞከርሁም። ከወለሉ ሥር በቀኝ በኩል የሚገባውን የብረት ክብደት አስልቼ ንድፉ ላይ አስገባሁት። ጋሼ ሣህሉ ብረቱን አስረው አስቀመጡት። ገድሉ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ለካ። ሲጨርስ ሜትሩን ጠቅልሎ "አሁን እሷ ናት" አለ።

እሷ ናት አባባ! አጥር የሚያጥረው ሰውዬ ሲመጣ፣ የምዝገባ ቁጥሯ ጎኗ ላይ ተጽፎ ቀለሙ እየደረቀ ነበር። ጋሼ ሣህሉ "ወንድሜ፣ ባሕር ዛፍ ሞልቶልሃል" ብለው ሸኙት።

ሐሙስ ጠዋት ውሃ ውስጥ ገባች። ጋሼ ሣህሉ አማተቡ፣ እማማ ዱዓ አደረገች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው ቆማለች። ቀጥ ብላ። ባዶዋን፣ ያለ ምንም ዕቃ፣ ጣና ላይ ቀጥ ብላ። እማማ ዘንቢሏን ይዛ ገባችና እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ ሄደች። ጋሼ ሣህሉ ከኋላ ጮኹ፦

"እትዬ ራሂማ! ከዛሬ ወዲህ በፈለጉት በኩል!"

እማማ መሐል ላይ ቆማ ቀረች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። በመጨረሻ ዘንቢሉን ቀኝ አስቀመጠችው። "ይኸ ግን አይለቀኝም" አለች። ሁላችንም እልል አልን። ዳር ላይ ዓሣ የሚያራግፉት ሰዎች፣ ምኑን እንደሆነ ሳያውቁ፣ አብረውን አጨበጨቡ።

ባንቺአየሁ ፎቶ ላኪልኝ አለች። ላክሁላት። "ሴትዮዋ ይች ናት?" ብላ መለሰችልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ሣህሉ ሞተሩ ዘንድ አልቀመጥም አሉ። መጀመሪያ ባለቤቷ ያሻግራት፣ እኔ ከዚያ በኋላ ነኝ ይላሉ። ታስራ ቆማለች። ማታ ማታ ማዕበሉ ሲነሣ ገመዷ እንዳይላላ እያሰብሁ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ጠረጴዛውን አላስተካከልሁትም። ካርቶኑም እዚያው ነው።

የእርስዎ ልጅ፣
ተቅዋ

ደብዳቤውን አጥፌው ነበር፤ እንደገና ከፈትሁት። የአጎቴ መኪና ውጭ ቆሟል። ሾፌሩ ሊወስደው ይሆናል ብዬ ተነሣሁ። እማማ ከውጭ አንድ ቃል ተናገረች፣ አልሰማሁትም። ከዚያ አንድ የማውቀው ድምፅ "ቢስሚላህ" አለ፣ ከባድ ዕቃም መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከበሩ በስተቀኝ።

የመኪናው በር ተዘጋ።