ጢማሙ ዓሣና የማዳም ሊዝ ቁጣ

ጣሃ ወንድሜ፣ ልጄ ኑሀሚን «አባዬ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብትለኝ እምቢ ብዬ ይሄን ፖስት ካርድ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። እንደ ምንም አንብበው።

እዚህ ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ ካለው ወንዝ ባርቦ የሚሉትን ዓሣ ያዝኩ። አራት ጢም አለው። የአዋሽ አምባዛ ጭቃ ውስጥ ይተኛል፤ ይሄ ግን ጥርት ባለ ኃይለኛ ውሃ ሥር ጠጠሩን በጢሙ እየዳበሰ ነው የሚበላው። ጢሙን አይቼ የአምባዛ ዘመድ ነው አልኩና ሆዱን የሞላውን እንቁላል ጠበስኩት። ልጎርስ ስል ጎረቤታችን ማዳም ሊዝ ገብታ መጥበሻውን ነጠቀችኝ።

«አዋሽ ዳር ላረጀ ሰው ዓሣ ልታስተምሪ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። እሷም በቋንቋዋ እየጮኸች ቆሻሻ ውስጥ ደፋችው። ኑሀሚን ከሥራ ስትመለስ ጠየቀችልኝ፤ ለካ ሥጋው ይበላል፣ እንቁላሉ ግን መርዝ ነው!

በማግስቱ ሄጄ ጎንበስ ብዬ እጇን ሳምኩ። እኔ ስዩም! ባለቤቴ በለጡ ካረፈችብኝ ወዲህ ከእጄ ነጥቆ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። ተመስገን ነው።

ካርዱ ሞላብኝ። ሰመራ ያለውን ልጅህን አብራርን ሳምልኝ። ለባለቤትህ ለኡምሰልማ ሰላምታዬን አድርስ፤ ስትቆጣህም ዝም ብለህ ስማት።