በአደባባይ የጠፋ ስም፦ የዶ/ር ቴዎፍሎስ ገብረአማኑኤል የሕይወት ታሪክ

ዶ/ር ቴዎፍሎስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረአማኑኤል ወልደአረጋይና ከእናታቸው ከወ/ሮ አማረች ምህረቱ ጥር 7 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን ተከታትለው በሥነ ሕይወት እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ዘለቁ። በ1995 ዓ.ም. ከወ/ሮ መስከረም አንተነህ ጋር በተክሊል ተጋብተው ብዙአየሁንና ኤፍሬምን አፍርተዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዴ «አይሆንም» ካሉ አለቀ፤ ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ እህታቸው ለዚህ ምስክር ነኝ።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ፣ ባክቴሪያ ውስጥ አዲስ ዘረመል እያስገቡ የውሃን ብክለት በብርሃን የሚጠቁም ሕዋስ ለመሥራት ደከሙ። በ2013 ዓ.ም. የቤተ ሙከራው ባለሙያ፣ የአልዩ አምባዋ ወ/ሪት ነሲባ ዓብዱ፣ ሁለተኛ ዘረመል ሲጨመር የመጀመሪያው ብርሃን እንደሚደክም መዘገቡ። ወንድሜ ግን ሁለቱ ዘረመሎች አይተዋወቁም፣ አንዱ ሌላውን ሊነካ አይችልም ብለው ድርቅ አሉ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥተው ናሙና ደባልቀዋል ሲሉ ከሰሷቸው። ወ/ሪት ነሲባም በዚሁ ከሥራ ተሰናበቱ።

በ2016 ዓ.ም. ወንድሜ ሙከራውን በገዛ እጃቸው ደገሙት። አራት ጊዜ ያው ሆነ። ለካ ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ራይቦዞሞች የተወሰኑ ናቸው፤ ሁለት ሰፈር አንድ ወፍጮ ቤት ሲሰለፍ የሁሉም እህል እንደሚዘገይ፣ ሁለተኛው ዘረመል የመጀመሪያውን ድርሻ ይሻማል። ያን ቀን ቤት ገብተው ምግብ አልቀመሱም።

ሽማግሌ ይዘው አልዩ አምባ ወረዱ። ወ/ሪት ነሲባ በክብር ተቀብለው አስተናገዷቸውና፣ በአደባባይ የጠፋ ስም ጓዳ ውስጥ አይመለስም አሏቸው። እውነታቸውን ነው። ወንድሜ ያንኑ ስብሰባ ለማስጠራት ሲሰናዱ የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በ51 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው አረፉ። አንጀቴ ቆስሏል።

ይህ ሁሉ እንዲነበብ አደራ ያሉኝ በመጨረሻው ሳምንት ነው። እንቢ ብዬ ነበር፤ ወንድምን በአስከሬኑ ፊት ማጋለጥ ምን ይባላል? በዚያ አቅማቸው ተቆጡኝ። እንግዲህ ጻፍኩት።

ወ/ሪት ነሲባ ዓብዱ፣ ዛሬ እዚህ ቢኖሩም ባይኖሩም፣ የዚያ ስብሰባ ሰዎች ቆመዋልና ይስሙ፦ ናሙናው አልተደባለቀም። ስህተቱ የወንድሜ ነው። ይቅር ማለትም አለማለትም የእርስዎ ነው። እግዚአብሔር ግን ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን።