የሽንኩርት ሽታ ያለው እጅ

...ሥራ አስኪያጅሽ የደንበኛ ነው ያለውን የአስተያየት ካርድ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ ሲያነብብሽ፣ «የአስተናጋጇ እጅ ሽንኩርት ይሸታል» ሲል፣ እጅሽን ከኋላሽ ደበቅሽ። በማግስቱ ቦታሽን ለእህቱ ልጅ ሰጠ። እኔ ዛሬም የማስበው ያንን የተደበቀ እጅ ነው።

ልጄ፣ ያለሽበት አገር ክፉ አያሳይሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ብለው ግን በጄ አላለም። ብርድ ነው ብለሻልና ሳትደርቢ አትውጪ።

ያኔ ይዘሽው የመጣሽውን ካርድ ከመሳቢያሽ አግኝቼ አስቀምጬው ነበር። ማክሰኞ ሽንኩርት ከትፌ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ የክት ቀሚሴን ለብሼ እዚያ ትሠሪበት የነበረው ባለመስታወቱ ምግብ ቤት ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ አላወቀኝም።

«እማማ፣ የዕለቱ ምግብ ሰሌዳው ላይ አለ። በየቀኑ ራሴ ነኝ የምጽፈው» አለኝ እየተኩራራ።

ሰሌዳውን አየሁት። ያው እንደ ካርዱ ወደ ግራ የተጋደመ ጽሕፈት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ባንኮኒው ጋ ነበረች፤ ጠራኋትና ካርዱን ከሰሌዳው ሥር ያዝኩላት።

«ይሄንን ደንበኛ ጽፎት ነው ልጄ የተባረረችው?» አልኳት።

«እኔ እኮ...» አለ እሱ።

«አንተ እኮ ምን?»

ባለቤቷ ካርዱን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ደግማ ካርዱን አየች። «ቢሮ ግባ» አለችው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትደውዪ «ተይው እማዬ፣ ይቅር በይው» አትበይኝ። ገና አልጠገብኩም። ዕድሜሽን ያርዝመው።

ወደ ቢሮው ሲሄድ በአጠገቤ ሲያልፍ እጁን ከኋላው ደብቆ ነበር። በሩ ተዘጋ።