የአማን ዜማ የጻፍኩበት ደብተር

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3፣ 1986

ደብተሬ የለም። የልብስ ሳጥኔን ሦስት ጊዜ አራገፍኩት። ሽርጥ አለ፣ ጓንት አለ፣ የትራም ትኬት አለ። ደብተር የለም።

የአማን ቋንቋ የጻፍኩበት ነው። አማ በታይዋን ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ በማጸዳበት የአረጋውያን ቤት ክፍል 14 ያሉትን አሮጊት የምንጠራቸው እንደዚያ ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ የደች ቋንቋውን ካጠፋባቸው ወዲህ የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ቀርቷቸዋል። እሱ ደግሞ በዜማ ነው የሚነገረው። ያው ፊደል ድምፁ ሲነሣ ሌላ ነገር፣ ሲወድቅ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰባት ዓይነት ዜማ አለው። ልጃቸው እሑድ እሑድ ስትመጣ ቃሉን ትነግረኛለች፤ እኔ በፊደላችን ጽፌ ከላዩ የአባቴን የዜማ ምልክት አደርግበታለሁ። አባቴ መርጌታ ነበሩ። ሴት ልጅ ዜማ አትማርም ቢባልም ጓዳ ሆኜ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ቀጥ ብሎ ለሚቆየው ይዘት፣ ለሚወድቀው ድፋት፣ ለሚነሣው ቅናት፣ ድንገት ለሚቆመው ቁርጥ። አባቴ ቢያዩ ይስቁ ነበር ወይስ ይቆጡ?

ነገ ወደ ኃላፊዋ ልገባ ነበር። ለአማ ቋሚ ረዳት ይፈልጋሉ። ቋሚ ኮንትራት ካገኘሁ ሳባን፣ ልጄን፣ ከካርቱም ማምጣት እችላለሁ። አሁን ምን ይዤ ልግባ?

ማክሰኞ

ደብተሩ ተገኘ። ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ፣ በአልማዝ ስም።

አልማዝ ማለት እኮ የሳባ የክርስትና እናት ናት። ሱዳን አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ያደርን። እዚህ ደቾች አገር፣ ሙርዋይክ በሚሉት ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ የምንኖር፣ አንድ መጥረጊያ የምንቀባበል። ምልክቶቹንም ያሳየኋት እኔው ነኝ፣ በገዛ ማድ ቤቴ! ኃላፊዋ «ጓደኛሽ ጎበዝ ናት፣ ነገ ከአማ ጋር እንሞክራታለን» አለችኝ። ደቼ ጠፋብኝ። «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ ብዬ ወጣሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ?

ደረጃው ላይ ያዝኳት።

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው?» አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር። «አንቺ በደች ሁለት ቃል አገጣጥመሽ አትናገሪም። እኔ ከገባሁ አንቺንም አስገባሻለሁ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እናቴ ስትለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ

ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ፣ የአማ በር ክፍት ስለነበር። አልማዝ ደብተሩን ይዛ ታነባለች፤ አማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አባቴ ተማሪን በምልክት አያስተምሩም ነበር። መጀመሪያ በአፍ፣ መቶ ጊዜ፤ ምልክቱ ለማስታወሻ ብቻ ነው። አልማዝ በአፍ አልተቀበለችም። ደግሞ ይህ ቋንቋ ጉድ አለው፦ ቃል ብቻውን ሲሆን አንድ ዜማ ነው፣ ከኋላው ሌላ ከተከተለው ዜማውን ይለውጣል። ከፍ ያለው መሐል ይወርዳል፣ የመሐሉ ታች፣ የታቹ የወዳቂውን ቦታ ይወስዳል፣ ወዳቂው ደግሞ ከላይ ካለው ይገባል። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራው ይዞራል። ይህን ልጃቸው አሥሬ አስብላኝ ነው የያዝኩት፤ ደብተሩ ላይ የለም።

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ደስታዬ ጠፋ። አማ ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ነርሷም አልማዝም ብርጭቆ ሲያቀርቡላቸው አፋቸውን ይገጥማሉ።

አልማዝ የመጥረጊያው ክፍል ድረስ መጣች። «ምንድን ነው ያልነገርሽኝ?» አለችኝ። ያልነገርሽኝ! ባልዲዬን ትቼ አማ ክፍል ገባሁና አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ሊም ቹይ፣ አማ።» ውኃ ይጠጡ ማለት ነው። ሊምን ዝቅ፣ ቹይን ከላይ ጣል። ዞሩ። እጄን ያዙ፤ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጡ። ብዙ ነገር ነገሩኝ፤ ግማሹ አልገባኝም።

ኃላፊዋ በሩ ላይ ነበረች። «አንቺም ትችያለሽ እንዴ?» አለች።

አልማዝ ቀደመችኝ፦ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

ደብተሩን ስትወስድ ቸግሯት ነው ብዬ ነበር። ይኼኛውን ግን ፊቴ ላይ ነው ያደረገችው። «እሑድ ልጃቸውን ጠይቂ» አልኳት ኃላፊዋን በደች። በደቹ አራት ቃል ነው። ተሳስቼም ይሆናል፣ ግን ተሰማ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ከቅዳሴ ቀረሁ። የአማ ልጅ ስትመጣ ኃላፊዋ ደብተሩን አሳየቻት። ገና ሽፋኑን ስታይ ሳቀችና በጣቷ እኔን አሳየች። «ይህቺ ናት፤ ስድስት ወር ሙሉ ያደከመችኝ።»

አልማዝ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። እኔን አላየችኝም። እኔም አልጠራኋት።

ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ቋሚ ኮንትራቱን እፈርማለሁ። ብቻዬን አለቀስኩ፤ የደስታ ነው ብል ውሸት ነው። ለሳባ ልጽፍላት ተቀምጬ «ልትመጪ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ባለፈው ደብዳቤዋ፣ «እዚያ ስደርስ አውሮፕላን ማረፊያ እማማ አልማዝም ትምጣ» ብላኛለች።