የየሺ ባል

የሺዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ያላንቺ ስፈስክ ይህ ሦስተኛው ፋሲካ ነው። ዘንድሮም ዶሮውን የሠራችው ልጃችን ብርቄ ናት። በርበሬውን አብዝታዋለች፤ አንቺ ብትኖሪ ትቆጫት ነበር። እኔ ዝም ብዬ በላሁ። በዝምታስ ማን ይችለኛል፣ ታውቂኝ የለ።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የጓዳውን ግድግዳ ምስጥ ጀምሮት ነበር፣ አስመረግሁት። ያቺ ተዋጊ ላምሽ ወለደች፤ አሁንም ከብርቄ በቀር ማንንም አታስጠጋም። አምና ገብሱን ውርጭ መታው። ስለዚህ ብርቄ ለጤና ጣቢያው ግንባታ ባሬላ ልትሸከም ገባች። እንዲያው ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ ልነግርሽ የተነሣሁት ይህንኑ ነው።

ባሬላውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ከጎረቤታችን ከአያሌው ጋር ድንጋይ ስትሸከሙበት ከረማችሁ። እሱ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ። ዳገቱን ስትወጡ ክብደቱ ሁሉ ወዳንቺ ይንሸራተት ነበር። ቅዳሜ ሲከፈል ግን ለእሱ ሙሉ፣ ላንቺ ግማሽ። አያሌው እንኳ ያፍር ነበር። እኔ ባልሽ ለመድኩት።

ያን ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሕገ መንግሥቱን በገበያ ቀን ለሕዝብ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ወደሚለው ስደርስ ቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት የድጓ ዜማ የተማርኩበትን ድምፅ አወጣሁት። ከሴቶቹ መካከል ቆመሽ ትሰሚኝ ነበር። ቤት ስንገባ እንግዲያው ደመወዝ ለሚከፍለን ካቦ ንገርልን አልሽኝ። ለሚስቱ ይሟገታል እንዳልባል ፈርቼ ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁሽ።

ብትጠብቂ ብትጠብቂ ራስሽ አደረግሽው። በክፍያው ቀን በሰው ፊት በሕግ አምላክ ብለሽ ካቦውን አቆምሽው። ጥንት ከሳሽና ተከሳሽ ያደርጉት እንደነበረው የነጠላሽን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጥረሽ ዳኛው ዘንድ ይዘሽው መጣሽ። ያ ደንብ እየቀረ ነበር፤ ሴት ስታደርገውማ አይቼ አላውቅም። አገሩ ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው ያነበብከው ሕግ ስለ ደመወዝ የሚለው አለ ወይ አሉኝ። ዓይኔን ከወረቀቴ ሳላነሣ፣ ስለ ደመወዝ የተጻፈ የለም አልኩ።

እውነት ነበር የሺዬ፤ አልተጻፈም። ግን ባሬላው አንድ ነው፣ ድንጋዩም አንድ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብል ማን ይከለክለኝ ነበር? እውነት ተናግሬ ከዳሁሽ። ቋጠሮውን ራስሽ ፈታሽው። ቤት ገብተሽ እንደ ወትሮው ራቴን አቀረብሽልኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ልጅ የነበረችው ብርቄም ቀሚስሽን ይዛ ሁሉን አይታለች።

አሁን ለእሷም ግማሽ ይከፈላታል። ንገርልኝ ብላኝ ግን አታውቅም። አንቺ መጠየቅሽ ያስጨንቀኝ ነበር፤ የእሷ አለመጠየቅ ባሰብኝ። አንቺ ተስፋ አድርገሽብኝ ነበር። እሷ ከኔ ተስፋ የቆረጠችው ገና በልጅነቷ ነው።

ሰሞኑን ሕገ መንግሥቱ ሊሻሻል ነው የሚል ወሬ በራዲዮ መጣ። የወረዳው ገዥ ሕዝቡን ሰብስበው ሐሳብ ያለው ይናገር አሉ። ሰው ስለ ርስቱ፣ ስለ ግብሩ ተናገረ። እኔም ተነሣሁ። አንድ ሥራ የሠሩ ወንድና ሴት አንድ ደመወዝ ያግኙ ተብሎ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍልን፣ ካልተጻፈ እንደኔ ያለው ሰው አልተጻፈም እያለ ያመልጣል አልኩ። ያው ሳቁ። እኔም ባሬላውን፣ ቋጠሮሽን፣ የራሴን ፍርሃት አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሳቁ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። አያሌው ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና፣ ከፊት የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ከኋላ ይከብዳል አለ።

በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት ጸሐፊ ቃሌን እየጻፈ አቤት ባዩ ማን ልበል አለ። የሺ በል አልኩት። ሟች አቤት አትልም አለኝ። በቦታው ብሆን እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። እንግዲያው የየሺ ባል ብለህ ጻፍ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጻፈው።

ወረቀቱ የት እንደሚደርስ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜም ለብርቄ የተከፈላት ግማሽ ነው። የስብሰባው ዕለት ግን እስከ ቤት ከጎኔ ሄደች፤ እንዲህ ካደረገች ስንት ዘመኗ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ቆመችና፣ አባዬ፣ ምናለ እናቴ እያለች ቢሆን አለችኝ።

ይህችን ጥያቄዋን እንዳልረሳት፣ አንቺን ባነሣሁ ቁጥር አብሬ እንዳነሣት፣ ሰው ባይሰማኝም ደመወዙን እየጠየቅሁ እንድኖር ቃል ገብቼልሻለሁ። አፈሩ ይቅለልሽ የሺዬ።

የየሺ ባል