ጨረቃ እስክትጠልቅ

ታች ጋይንት፣ ከአባቴ ቤት
ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ዲያቆን ቀለመወርቅ፥

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ነው የሚጀመረው ብለው ተማሪ ቤት ስላስተማሩን ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት። ቤትህ ሳለሁ አንቱ እልህ ነበር። ዛሬ አንተ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ ፊትህ ከፊቴ ስለሌለ አላፍርም።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ትናንት መጥተው ነበር። አገራችሁ ቤተ ልሔም ሲመለሱ «ጠባይ አልገጠመም፤ ልጅቱም ገና ናት» ይሉሃል። እንዲህ ሊሉህ ሲስማሙ ጓዳ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። እውነቱን ከአፋቸው ማውጣት አፍረዋል። እኔም ሳፍር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንተም ታውቃለህ። ነገር ግን «ጠባይዋ ነው» እያልህ በጓደኞችህ መካከል አንገትህን እየነቀነቅህ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ስለዚህ እኔው ልንገርህ። ከቤትህ የወጣሁት በሽንት ምክንያት ነው።

ቃሉን ስታነብ ሰው አየኝ ብለህ ዙሪያህን እንደቃኘህ አውቃለሁ።

እናንተ ዘንድ ሙሽራ በቀን ሜዳ አትወጣም። ቤታችሁ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ገላጣ ላይ ነው፤ የቆሎ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። እንግዲህ ጠዋት የመጣብኝን እስኪመሽ እይዘዋለሁ። እየፈጨሁ እይዘዋለሁ፤ ጥጥ እየፈተልሁ እይዘዋለሁ። እግሬን አጣምሬ ስቀመጥ እናትህ እትዬ ቦጋለች «ምነው ሙሽራዋ እንደ ታሰረች ፍየል ትቁነጠነጣለች?» ብለው ጎረቤት ያስቁብኝ ነበር። መጀመሪያ ሲያቃጥለኝ ለማንም አልተናገርሁም። ኋላ ግን ከሆዴ በታች እንደ ፍም ሲሆንብኝ፣ ቶሎ ቶሎ እየመጣ ጠብ እያለ ብቻ ሲቀር፣ ለእትዬ ነገርኋቸው። እሳቸው ደግሞ ለአንተ ነገሩህ።

ደስ አለህ። ይህን አልረሳውም። ሚስትህ ታመመች ሲሉህ ደስ አለህ፤ ከዚያ ከቅጠል በጣሹ ደብተራ የቃረምሃትን ዕውቀት የምታሳይበት ሰው አገኘህ። በዚያው ምሳ ሰዓት ሁለት ጓደኞችህ ተቀምጠው ሳለ ጠራኸኝ።

«ፀሐይ መትታሻለች» አልህ። «ፊትሽን ወደ ፀሐይ አዙረሽ ሸንተሻል።»

«እኔ በቀን ወጥቼ አላውቅም» አልሁ።

ጓደኞችህ እየጠበቁህ ነበር።

«እንግዲያስ ጨረቃ ናት» አልህ።

ጓደኞችህ እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ያን ጊዜ አመንሁህ፤ የእኔን ሦስት እጥፍ ፊደል የቆጠርህ ሰው ነህና። ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣህ፤ በቀን ፀሐይ ስላለች መውጣት የለም፤ ማታም ጨረቃ ካለች እስክትጠልቅ መውጣት የለም። አንተ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ነህ። ሌሊቱን፣ መጥቅዑን፣ አበቅቴውን በጣትህ ታሰላለህ። በጨረቃ ወር አጋማሽ ፀሐይ ስትገባ ጨረቃ እንደምትወጣ፣ ጨረቃ ስትገባም ፀሐይ እንደምትወጣ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ታዲያ በእነዚያ ቀኖች ለእኔ መሽኛ የተረፈኝ የትኛው ሰዓት ነበር? የፋሲካን ቀን ለሺህ ዘመን አስልተህ ታመጣለህ፤ ይህችን ትንሽ ስሌት ግን አንድ ቀን አልሠራሃትም።

መድኃኒትህንም አስታውሰዋለሁ። ስሙን የማትነግረኝ ሥር ነበር። «ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል» ትል ነበር። ለእኔ ግን ስሙን ራስህም የማታውቀው ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ ቀይ ነው፣ አንድ ጊዜ ነጭ ነው። በባዶ ሆዴ አስውጠህ ካስታወክኸኝ በኋላ «ውሃ እንዳትጠጪበት» ትለኛለህ። ምክንያቱን ስትነግረኝም እንደ መጽሐፍ ቃል እያዜምህ ነበር፤ «ውሃ ሽንት ያበዛል፤ ሽንት ሲበዛ ቃጠሎው ይበዛል።» እትዬ ቦጋለችም ቅሉን ከአፌ ላይ እየቀሙ «የልጄን መድኃኒት ልታጠፊበት ነው?» ይሉኝ ነበር። ጾም ሲሆን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭራሽ የለም። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ይውላል፤ የሚወጣኝም ጥቂት፣ የጠቆረ፣ የሚሸት ነበር። አንተ ግን «እየጠራልሽ ነው» ትለኛለህ። ሳታየው!

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ጎኔን ወግቶ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ሰውነቴ እሳት ሆነ። አባቴ ሰምቶ መጣ፤ ከአንተ ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገር በቃሬዛ አሸክሞ ከመኪናው መንገድ ዳር ካለው ክሊኒክ ወሰደኝ። መርፌ የሚወጋው ድሬሰርም ያው ነው፤ የታመምሁት እኔ፣ የሚያነጋግረው አባቴን። ቢሆንም መርፌውና ክኒኑ አዳነኝ። አንተ ልትወስደኝ ስትመጣ ምን አልህ?

«ሥሩ ነው የሠራላት። መርፌው የዳነ ሰው ላይ ነው የደረሰው።»

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አብሬህ መመለሴ ነበርና። እዚያም ያው ገላጣ፣ ያው ጨረቃ፣ ያው የተቀማ ቅል ጠበቀኝ። ክረምቱ ሳይወጣ በሽታው ተመለሰ። ለመስቀል አባቴ እንደገና በቃሬዛ ክሊኒኩ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ነኝ።

እዚህ ከክሊኒኩ ክኒን ሌላ ማንም መድኃኒት አልሰጠኝም። ክኒኑን ጨረስሁ፤ አለቀ። ከቤታችን ኋላ ጥቅጥቅ ያለ የቁልቋል አጥር አለ፤ በቀን ብወጣ የሚያየኝ ጥጃው ብቻ ነው። ሲመጣብኝ እነሣለሁ፤ በቃ። አውድማ ስንውል እንስራው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ የፈለግሁትን ያህል እጠጣለሁ። እናቴ ለአባቴ ሳል ተልባ ቀቅላ ስታጠልል ለእኔም ታስተርፍልኛለች፤ የገብስ ውሃም እንጠጣለን። ወራት አለፉ፤ በሽታው አልተመለሰም። መጀመሪያ የአባቴ ቤት ለጠበል ቅርብ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ዝም ብዬ የማሰላስል ሰው ነኝና ማሰብ ጀመርሁ።

በጥር የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ዳስ ውስጥ በሰው ተከብቤ መነሣት አፈርሁ፤ ውሃም ሳልጠጣ ይዤው ዋልሁ። በማግሥቱ ያ የማውቀው ማቃጠል መጣ። እዚህ ፀሐይም አላየችኝ፤ ጨረቃም አላየችኝ፤ ዳስ ውስጥ ነበርሁ። እንግዲህ ያን ቀን ገባኝ። ማቃጠሉ ገና ጅምር ነበር፤ ውሃውንና ተልባውን በላይ በላዩ ጠጣሁ፤ በመጣብኝ ቁጥር ወጣሁ፤ ለቀቀኝ። ትኩሳት ቢኖረው፣ ጎኔን ቢወጋኝ ኖሮ ወደ ክሊኒኩ እሄድ ነበር፤ ተልባ እስከየት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንተ የሥርህን ወሰን አታውቅም፤ ልዩነታችን ይህ ነው። በሽታውን ከሰማይ ስትፈልገው ከረምህ፤ በሽታው የራስህ ሕግ ነበር።

አሁን ስለ ትናንት ልንገርህ። ቄስ ሙላውና አቶ ዋለ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠላ ቀረበላቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆምሁ።

«ልጄ፥ መታሽ?» አሉ ቄስ ሙላው።

«የለም አባ።»

«አስራበሽ? ሰደበሽ?»

«የለም።»

«ጥጋብ ነዋ!» አለ አቶ ዋለ። «የሰው ቅስና ሊቀር ነው፤ ትንሽ ሕመም ብትችል ምን አለበት? እኛስ ወገባችንን እያመመን አይደል የምናርሰው?»

እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ምክንያት ካልተናገርሁ በዚያው ቀን ይዘውኝ እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ በቅሎዋ ደጅ ላይ ተጭናለች። አባቴም እኔን እኔን ያያል፤ እኔ ሳልናገር እሱ እንዴት ይናገር?

«ከቁርባን የሚለየው ሞት ብቻ ነው» አሉ ቄስ ሙላው፣ በርኅራኄ።

«እሱም መጥቶ ነበር፣ አባ» አልሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ሁለቴ በቃሬዛ አስመለጡኝ።»

«ምን አድርጎሽ ነው?»

«ሽንቴን ከለከሉኝ።»

ጓዳ እናቴ የያዘችው ሰፌድ ወደቀ። አቶ ዋለ ጋቢውን ወደ አፉ ወስዶ ሳቀ።

«ኧረ ይህ በሽማግሌ ፊት ይወራል? ምን ዓይነት ጉድ ናት!»

አባቴን ታውቀዋለህ፤ አይጮህም። ዋለ ደግሞ የገበያ እኩያው ነው። «ዋለ» አለው፤ «ከተቀመጥህ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከቁልቋሉ ኋላ ደርሰህ መጥተሃል። ሰዓቱ ቀትር ነው። ማን ከለከለህ? ፀሐይዋ?»

ዋለ መሳቁን ተወ። ቄስ ሙላው ብዙ ጠየቁኝ፤ እኔም ከላይ የጻፍሁልህን ሁሉ መሬቱን እያየሁ ነገርኋቸው። ሲጨርሱ መስቀላቸውን አሳልመውኝ «ትቀመጥ» አሉ። በቅሎዋ ባዶዋን ተመለሰች።

ሌላ ካገባህ ቅስናው እንደሚቀርብህ ሰምቻለሁ። ይቅርብህ። ታገባለህ፤ ሥርህን የምታስውጠው ሰው ሳታገኝ መኖር አትችልም። ሙሽራዪቱን ከቤት ሳታስገባ ይህን ደብዳቤ አንብብላት። እንደማታነብላት አውቃለሁ። እኔ ግን ዓርብ ዓርብ ከእናቴ ጋር ዓርብ ገበያ እወጣለሁ፤ የማን ልጅ እንደታጨችልህ ወሬው እዚያ ሳይደርስ አይቀርም። ፈልጌ አገኛታለሁ። በጆሮዋም አላንሾካሹክላትም፤ እህል ተራው መካከል ቆሜ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ቃሉን በስሙ ጠርቼ እነግራታለሁ።

እትዬ ቦጋለችን ደኅና ይሁኑ በልልኝ።

ሐረገ ወይን አስማረ