ያልወጣ አይገባም

ለወንድምዓለም ዓወል፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ አቀበቱን ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ አንተ ካለህበት ይድረስ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ያ ወባ ዳግም ተነሥቶብህ ይሆን? ጾሙንስ በዚያ ሐሩር እንዴት ያዝከው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የደብረ ብርሃን ብርድ የእማዬን ጉልበት ያዘው እንጂ አፏ ደህና ነው፤ እንደ ልማዷ እኔን ስትቆጣ ትውላለች። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ።

ተምርህ ደርሶናል። ነሐሴ 10 ቀን ረቡዕ፣ ይህን አገልግል የሰጠህ ሰው አምጥቶልን አየነው። ስሙን አልጽፍም፤ አንተም በአፍህ አታንሣው። ስትለየን ለእኔና ለረሺድ፣ ጅቡቲ ስገባ ተምር እልካለሁ፣ እስከዚያ በረሃ ላይ እንዳለሁ ቁጠሩኝ ብለኸን ነበር። ተምሩን ሳይ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እማዬ በሽታ የመጣብኝ መስሏት ውሃ ረጨችኝ።

አንተ ያልሰማኸው ግን ረሺድ መታሰሩን ነው። በወጣህ በአሥራ አንደኛው ቀን ከአልዩ አምባ ወሰዱት። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነው፤ ጎረቤላ ሲያስተምር የነበረው ወንድምህ የት ነው የሚል። እሱ አንተ ገና እዚያው ቆላው ውስጥ የተደበቅህ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አፉን ዘጋ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? አንተ ዝም በል ሲሉህ አትሰማ፣ እሱ ተናገር ሲሉት አይሰማ። እኔና እማዬ ትንሿን ኩብራን አክስታችን ዘንድ ትተን ወደዚህ ወጣን፤ ታንጉት የምትባል ሱፍ ፈታይ ጓዳዋን አከራየችን። የታሰረበት ግቢ ከዚህ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

የግቢውን ደንብ ልንገርህ። ጠያቂ አይገባም፣ ወረቀት አይገባም፣ ምግብም ቢሆን ከውጭ በራሱ የመጣ አይገባም። እስረኛው ባዶ ዕቃውን ሲያወጣ ብቻ ያው ዕቃ ሞልቶ ይመለሳል። በሩ ላይ የሚቆመው ይሁኔ የሚባል የደነባ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ግን ብትለምነውም ብታለቅስበትም መልሱ ያው ነው። ያልወጣ አይገባም ይላል።

እኔም በዚያው ደንብ መላ አበጀሁ። ሁለት አገልግል አስመዘገብን። አንዱ ባዶውን እስኪወጣ ድረስ ሌላውን አላስገባም፤ እጄ ላይ ይዤው እቆያለሁ። እንዲህ ከሆነ ተምርህ በማንኛውም ሰዓት ቢመጣ የሚገባበት ዕቃ አይጠፋም። ረሺድ ተምሩን ሲያይ መውጣትህን ያውቃል፣ ያኔ ቢናገርም ማንንም አይጎዳም፣ ድብደባውም ይቆማል ብዬ ነው። ድብደባውን ከምን አወቅሽ እንዳትለኝ። የዳቦውን ልብ እየበላ ቅርፊቱን መመለስ ጀምሯል።

እንግዲህ ረመዳን ገባ። እኔ ገበያ በወጣሁበት ቀን እማዬ አንጀቷ አልችል አላት። አንዱ ለኢፍጣሩ ገብቷል፣ ሌላው ለሌሊቱ ምግብ ለሰሑሩ ይሁነው ብላ እጃችን ላይ የነበረውንም ሞልታ ሰጠች። በማግስቱ ተምርህ መጣ። ሁለቱም አገልግሎች ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ረሺድ ደግሞ ምርመራ ላይ ነው ተባለ፤ ዕቃ የሚያወጣ የለም። አራት ቀን ሙሉ ተምሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ይሁኔ ፊቱን አዞረብኝ። እማዬን ምን ልበላት? ልጇን ስላበላች እንዴት እቆጣታለሁ? እሷ ግን ራሷን አልማረችም፤ እስካሁንም ስታፈጥር ሁለት ጉርሻ አትሞላም።

እሑድ አንዱ ወጣ። ቂጣው ሻግቷል፣ አልተነካም። ጠርጌ አዲስ ቂጣ አደረግሁና ከሥሩ ዘጠኝ ተምር አስቀመጥኩ። የጾም ወር ነውና ተምር ማንም አይጠረጥርም። ሰኞ ባዶው ሲመለስ ሰባት ፍሬ በጨርቅ ተቋጥሮ አገኘሁ፣ ጥርት ብሎ ተመጥጦ። ሁለቱን ይሁኔ ቀምሷቸው ይሆናል፤ ሐላል ይሁንለት። እማዬ ፍሬዎቹን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ያበቃ መስሎን ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ ወንድሜ። ሁሉንም አሰብኩ፣ አንዱን አላሰብኩም። ረሺድ ትናንት ማክሰኞ ተናገረ። ወንድሜ ጅቡቲ ገብቷል፣ ከእንግዲህ ልፋታችሁ ከንቱ ነው አላቸው። ይሁኔ እንደነገረኝ መርማሪው አልተቆጣም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና፣ ከሃምሳ ቀን በላይ ታስረህ ወንድምህ ጅቡቲ መግባቱን በምን አወቅህ አለው። አሁን ስለ አንተ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ማን ነገረህ እያሉ ነው። ረሺድም እንደገና ዝም ብሏል። ስለ አንተ የዘጋውን አፍ አሁን ስለ እኔ ዘግቶታል።

ትናንት ከሰዓት፣ ሰኞ ሞልቼ የመለስኩትም ጭምር፣ ሁለቱም አገልግሎች ባንድ ላይ ወጡ። ይሁኔ መዝገቡ ላይ ሰረዝ አደረገና ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሰው አይገባም አለኝ። ዛሬ ደግሞ ከቀበሌ ወረቀት መጣ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሪት አሲያ፣ አገልግሉን ይዘሽ ቅረቢ ይላል።

እሄዳለሁ። ታንጉት በደብረ ሲና በኩል የሚወርድ መኪና አለ፣ ተሳፍረሽ ጥፊ ብላኝ ነበር። ብጠፋ ረሺድ እስከ መቼ ዝም ይላል? ተናገር፣ አሲያ ናት በል ብዬ የምልክበት ዕቃ የለኝም። ስለዚህ ራሴ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ተምሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ከማን አገኘሽው ሲሉኝ ከማላውቀው መንገደኛ ነው እላለሁ። እፈራለሁ ዓወል፣ አልዋሽህም።

አንዱን አገልግል ይዤ እቀርባለሁ፤ ሌላውን አይጥ በላው እላለሁ። ሌላው አሁን እጅህ ላይ ያለው ነው። ደብዳቤውን ከቆዳውና ከስንደዶው መሀል ሰፍቼዋለሁ፤ አንብበህ አቃጥለው። ከእንግዲህ ተምርም ወረቀትም እንዳትልክ። ባዶ ዕቃ አይመለስም ብላ እማዬ እንዳሳደገችን አውቃለሁ፣ አንተ ግን እኔ ሰው ልኬ እስክጠይቅህ ሞልተህም አትመልሰው። አስቀምጠው። የሚጠይቅህ ካልመጣ ብዙ አትጠብቅ፣ የራስህ አድርገው።

እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ መጠራቴን አልነገርኳትም። ኩብራ ጥርሷ እየተነቀለ ነው፣ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች አሉ። ታንጉት ባታውቅህም ሰላም በዪልኝ ብላለች። የረሺድን ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም፤ ነገ ካሳዩኝ ያንተን አደርስለታለሁ።

እህትህ አሲያ
ደብረ ብርሃን፣ ረቡዕ ነሐሴ 17 ቀን 1970 ዓ.ም.